ቂርቆስ ለሮዛ ሲያለቅስ

መጽሐፍ ሰውን ሰው ያደርጋል ይባላል። ሳይሆን አይቀርም። እኔን ግን መጀመሪያ ያደረገኝ ጋኔን ነው፤ ቀጥሎ ያደረገኝ ሐዘንተኛ ነው፤ ሰው አድርጎኝ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ነገሩን ዕድሜዬ አሳጥረው ይለኛል፣ ምላሴ ደግሞ አስረዝመው ይለኛል። ሁለቱ ሲጣሉ ሁልጊዜ ምላሴ እንደሚረታ የቤቴ ሰዎች ምስክሮች ናቸው።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ አሁን ብታዩኝ አታምኑም፣ መስታወቴም አያምንም። ሥራዬ ቀለም ቀቢነት ነበር። ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካዛ ኢንቺስ የሚሏቸውን ቤቶች ይሠራሉ፤ የእኛ ሰው ስሙን አኝኮ አኝኮ ካዛንቺስ ያደርገዋል፤ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ኖራ እለቀልቃለሁ። የማድረው ቂርቆስ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጠዋት ጠይም ሆኜ እወጣለሁ፣ ማታ ነጭ ሆኜ እመለሳለሁ። የሰፈሩ ውሾች ጠዋት ያውቁኝና ማታ ይጮሁብኛል።

ከምንቀባቸው ቤቶች በአንዱ ቀድሞ ሰው ገብቶበታል። ባልየው የጽሕፈት ቤት ሹም ነው፣ ቀጭን፤ ሚስቱ ሲኞራ ናት፣ ደንዳና። ይህች ሲኞራ የኩሽናዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ታነባለች፤ እያነበበች ታለቅሳለች። በመሐረብ እንዳይመስላችሁ፤ በፎጣ ነው። ባልየው ከሥራ ሲመለስ ምድጃው ቀዝቃዛ፣ ድስቱ ባዶ፣ ፎጣው እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ቀን እኔ ጓሮ የኖራ ከረጢት እያቃጠልኩ ሳለ መጽሐፉን፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚያዝ፣ በማዕዘኑ ይዞት መጣና ወረወረልኝ። አቃጥለው አለኝ። ዓይኑ የሦስት ቀን ረሃብ ነበረበት።

አስተዋይ ሰው የተባለውን ያደርጋል። እኔ ግን ያቺን የምታህል ሴት ሲያስለቅስ የከረመ ነገር እንዴት ሳይታይ ይቃጠላል ብዬ ከረጢት ውስጥ ሸጎጥኩት። ሞኝ የራሱን እሳት በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማንበብ ትችላለህ ወይ እንዳትሉኝ። ፊደሉን በልጅነቴ ለምሳ ብዬ ከምመላለስበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለቅሜዋለሁ። ቋንቋውን የተማርኩት ከመሰላሉ ሥር ሆነው ከሚጮሁብኝ ጣሊያኖች ነው። ስለዚህ የማውቀው ጣሊያንኛ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ የኖራና የስድብ። መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኖራ ካልተወራ፣ ሰውም ሰውን አህያ ካላለ፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ነኝ። የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። የግድግዳስ ቀዳዳ የሚደፈነው እንደዚሁ አይደል?

መጽሐፉ ሲጀምር ዝናብ ነው። ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ዝናብ ብቻ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ዝናቡ አባራ ብዬ ደስ ሲለኝ ጭጋግ ገባ። በጭጋጉ ውስጥ ሮዛ የምትባል ልጅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትስላለች። እናቷ ሞታለች፣ አባቷ ሰካራም ነው፣ የምታሳድጋት አክስቷ ክፉ ናት፣ ውሻዋ ታሟል። እጮኛዋ ባሕረኛ ነው፤ ተመልሼ አገባሻለሁ ብሏት በመርከብ ሄዷል። እሷ ትጠብቃለች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ትጠብቃለች፣ ትስላለች፤ ትስላለች፣ ትጠብቃለች። መሐል ላይ ውሻዋ ይሞታል። በየገጹ ደግሞ ማሊንኮኒያ የሚሉት ቃል አለ። ካቦዬን፣ የሥራ አለቃዬን፣ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ሆዱን ይዞ ፊቱን አጨፈገገልኝ። የሆድ ቁርጠት ነው ብዬ ያዝኩት፤ ትካዜ ማለት መሆኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እኔ እስከዚያ ቀን ከሐዘን ጋር ሰላምታ እንጂ ወዳጅነት አልነበረኝም። ከሮዛ ጋር ከተዋወቅኩ በኋላ ግን ምሳዬን አቅርቤ እያየሁት ይቀዘቅዛል። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል። አንድ ቀን የመመገቢያ ክፍል ግድግዳ ስቀባ ስለ ውሻዋ እያሰብኩ ነበር፤ ኖራው ውስጥ ጣት የማይሞላ ጥላሸት መጨመር ሲገባኝ ለካ በአካፋ ጨምሬዋለሁ። ካቦው ሲገባ ክፍሉ የሐምሌ ሰማይ መስሏል፤ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በመስኮት እያየሁ ነው። ይሄ ምን የሚሉት ቀለም ነው አለኝ። ማሊንኮኒያ አልኩት። ክፍሉን በሙሉ ፍቄ እንደገና እንድቀባው አደረገኝ፤ እየፋቅኩም ስለ ውሻው አለቀስኩ።

እዚህ ላይ እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ የሚመጣው በእሳቸው ነውና። እትዬ አስካለ ብርቱ፣ ምላሳቸው እንደ ሚጥሚጣ፣ እጃቸው እንደ ማር የሆነ ሴት ነበሩ። ባላቸው ባሻ ክፍሌ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ሰሜን ዘምተው በዚያው ቀሩ። አንዱ በሕይወት አየኋቸው ይላል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዝም የሚለው በዛ። መርዶ ደግሞ እንደምታውቁት በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሎች ሰው ከመኝታው ሳይነሣ መጥተው በር ያንኳኳሉ። እትዬ አስካለ ዘዴ አበጁ። ረፋድ ሳይሆን የግቢያቸው በር አይከፈትም። ንጉሥ ቢመጣም፣ ታቦት ቢመጣም አይከፈትም። በማለዳ ካልከፈቱ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ባሻ አልሞቱም። እኔ ሥራ የምሄደው በጎረቤታችን በጨው ነጋዴው በጋሼ ሱሩር በኩል ባለ የአጥር ቀዳዳ እየሾለኩ ነበር። ስንት ጠዋት የጋሼ ሱሩር ፍየል ወግታኛለች።

እትዬ አስካለ እህል መተዌን አይተው ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ጎትተው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝና ለመምሬ ገብሬ አስረከቡኝ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነው። መምሬ በመስቀላቸው ትከሻዬን እየደበደቡ፣ እንደ ወጉ፣ ስምህን ተናገር አሉ ጋኔኑን። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም፤ ልቤ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው።

"ሮዛ" አልኩ።

መምሬ ወደ ኋላ ተራመዱ። "ፈረንጅ ናት" አሉ ለእትዬ አስካለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በየት ገባሽ አሉ። በመጽሐፍ አልኩ። የት አገኘሽው አሉ። ካዛንቺስ አልኩ። ሌላ ሁለት ቅል ጠበል ጨመሩልኝ።

እየደረቅኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ሳበቃ፣ አንተ ብቻህን ስትበላው ነዋ የታመምከው፣ ነገር የሚበላው ከሰው ጋር ነው፣ አምጣና አንብብልን አሉ። እንዲህ ሆኖ ከሰንበት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ፣ ሌላም ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ግራር ሥር ንባብ ተጀመረ። መምሬ፣ ጋኔኗ እንዳትነሣ እጠብቃለሁ ብለው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ ሱሩር መጀመሪያ አጥር እየጠገኑ ነበር የሚሰሙት። በኋላ አጥሩ የሚጠገን ነገር ሲያጣ መጥተው ተቀመጡ።

እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እገለብጠዋለሁ። ግማሹ የመጽሐፉ ነው፣ ግማሹ የእኔ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። እትዬ አስካለ በዝናቡ ተቆጡ፤ ይህ አገር መስከረም የለውም ወይ አሉ። ሳሏን ሲሰሙ ፌጦ በማር በጥብጦ የሚሰጣት ሰው እንዴት ጠፋ አሉ። ስለ ሆድ ቁርጠቱ ስነግራቸው ደግሞ መምሬ ጭምር ሳቁ፤ ኮሶ ነው እንጂ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ከሚፈጁ አንድ ቀን ኮሶ ቢያጠጧት ነገሩ አልቆ ነበር አሉ እትዬ አስካለ። ስለ አክስቷ ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ፤ የሚላክበት መንገድ ብቻ ነው የቸገረው። ጋሼ ሱሩር የነጋዴ ነገር፣ መርከቡ ምን እንደጫነ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ጨው ነው ብላቸው ልጁን ወደዱት።

እንደዚህ እየተሳሳቅን ሳለ አንድ ቀን እትዬ አስካለ ጥጥ እየፈተሉ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

"ያ ባሕረኛ ይመለሳል። እሱ ከተመለሰ የእኔም ክፍሌ ይመለሳል። ምልክት አድርጌዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሱሩር መሬት ጫሩ። መምሬ በመስቀላቸው ግንባራቸውን ነኩ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ማደሪያዬ ገብቼ ማድረግ የማይገባኝን አደረግኩ፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጬ አነበብኩ። ባሕረኛው ሰምጧል። ሮዛ ወሬውን ሳትሰማ መስኮቷ አጠገብ እንደተቀመጠች ሞታለች። ከዚያም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ዝናብ።

ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር ለእትዬ አስካለ መርዶ ነጋሪው እኔ ልሆን ነው፤ ያውም ያለ ማለዳ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በፈረንጅ መጽሐፍ። ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ። ውሸት ደግሞ እንደ ኖራ ነው፤ አንዴ ከነካህ ልብስህ ላይ ሁሉ ታገኘዋለህ። ባሕረኛውን ከሞት አወጣሁት። ማዕበል አስመታሁት፣ በሳንቃ ላይ አንሳፈፍኩት፣ ዓሣ አስማርኩት። እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። እኔም ሰው ሲያዳምጠኝ ልክ የማላውቅ ነኝ፤ የሮዛ አገር ወዴት እንደሆነ ስለማላውቅ ጅቡቲ አወረድኩት። ጅቡቲ ሲደርስ ጋሼ ሱሩር አጨበጨቡ፤ አገሩን ያውቁታል። በሚቀጥለው ቀን ባቡር አሳፈርኩት። ድሬዳዋ ሲገባ እትዬ አስካለ እልል አሉ። አዋሽ ላይ ሳደርሰው እኔ ራሴ ፈራሁ። ትንሽ ብቆይ ልጁ ለገሃር ወርዶ ቂርቆስ በር ሊያንኳኳ ነው።

ያዳነኝም ያጠፋኝም ጋሼ ሱሩር ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሚዛን ያውቃሉ። አንድ ምሽት መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው መዘኑት።

"አንተ" አሉኝ፣ "ልጁ ሦስት ባሕር ተሻግሮ በባቡር አዋሽ ሲደርስ፣ አንተ አንድ ገጽ አልገለጥክም።"

መምሬ ደግሞ ዕድሜያቸውን ከመጽሐፍ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያልተጻፈ ማንበብ ለእሳቸው ታቦት እንደ መድፈር ነው። በማግስቱ፣ ጋሼ ሱሩር ሱቃቸው ላይ እንዳሉ፣ መምሬ መጥተው መስቀላቸውን መጽሐፉ ላይ አኖሩት። በቂርቆስ ይዤሃለሁ፣ የተጻፈውን ብቻ አንብብ አሉኝ። እትዬ አስካለን አየኋቸው። "አንብብ" አሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር።

አነበብኩ። ሳልቀባ፣ ሳልደፍን አነበብኩ። ባሕረኛው ሰመጠ። ሮዛ መስኮቷ አጠገብ ጭንቅላቷን ደገፍ አደረገች። ጠዋት አክስቷ ስትጠራት አልመለሰችም። እዚህ ላይ እትዬ አስካለ፣ ጦርነት ከመጣ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ ያልጣሉት እትዬ አስካለ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ጮኹ። እንዴት ያለ ጩኸት። የጋሼ ሱሩር ፍየል ገመዷን በጥሳ ጠፋች።

አሁን የአገራችንን ወግ አስቡት። የጎረቤት ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ በር ላይ አይጠየቅም። ነውር ነው። መጀመሪያ እያለቀሱ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሰፈሩ ደግሞ ይህን ጩኸት ስንት ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። ጋሼ ሱሩር ሱቃቸውን ክፍት ጥለው፣ ወይኔ ወንድሜ እያሉ ገቡ። መምሬን እዚያው ሲያገኟቸው ነገሩ እርግጥ ሆነ። መምሬ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉ ሰው ፍታት ሊጀምሩ ነው ብሎ ይብስ ያለቅሳል። ጎበዛዝት እንጨት አምጥተው ዳስ ጣሉ። ከአንዱ ቤት ንፍሮ ተቀቅሎ መጣ።

እትዬ አስካለና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናለቅሳለን። እኔ በልቤ፣ የእኛ ሰው ለካ እንዲህ ደግ ነው፣ ሮዛን ሳያውቃት ይህን ያህል ማዘኑ እያልኩ እደነቃለሁ። እትዬ አስካለም እንደዚሁ አስበዋል መሰለኝ፤ ላለቀሰው ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ያመሰግናሉ። በመካከሉ የሰፈራችን አልቃሽ፣ ድምፀ መረዋዋ አሮጊት፣ ደረቷን እየመታች ተነሣች።

"በሩን ብትዘጊው እስከ ረፋድ ድረስ፣
ሞት በጓሮ ገባ ክፍሌን ሊያፈርስ።"

እትዬ አስካለ እንባቸው እዚያው ቆመ። "የትኛው ክፍሌ?" አሉ።

አልቃሿ ጋሼ ሱሩርን አየች። ጋሼ ሱሩር መምሬን አዩ። መምሬ እኔን አዩ። እኔ የማየው ሰው ስላልተረፈኝ መጽሐፉን አየሁ።

"መርዶ መጣብሽ ብለን ነዋ" አሉ ጋሼ ሱሩር።

"ማን አመጣው?"

"አንቺ ጮኽሽ። እኛ መጣን።"

"እኔ የጮኽኩት ለሮዛ ነው። ባሌን ምን አድርጎ ነው የምትገድሉት?"

ንፍሮ የያዘ ሁሉ እፍኙን ወደ ሳህኑ መለሰ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክፉ ምልክት ነው፤ ሟርት ነው። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ላይ ሆኖ እትዬ አስካለ ያን ሁሉ ጠዋት በር ዘግተው ያዳኗቸውን ባሻን ገደላቸው ማለት ነው። እኔ የአጥሩን ቀዳዳ በዓይኔ ለካሁ።

ጋሼ ሱሩር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳስ ተጥሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ እንባ ፈሷል፤ የወጣ ለቅሶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም፣ አንድ ሰው ይፈልጋል አሉ። መምሬ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ፈረዱ፤ ሟች ሮዛ ናት፣ የተለቀሰው ሁሉ ለሮዛ ነው፣ ስለ ባሻ የተባለው እንዳልተባለ ይሁን። ሰው ሁሉ ይሁን አለ። አልቃሿ ብቻ ተቃወመች፤ የማላውቃትን ሴት በምን አወድሳታለሁ አለች። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። መስኮት፣ ሳል፣ አክስት፣ ባሕር። ውሻውንም ጨመርኩ። ትንሽ አሰበችና እንደገና ተነሣች።

"ፌጦ የሚሰጣት ጎረቤት አጥታ፣
ሮዛ ቀረች አሉ መስኮት ተጠግታ።"

ጎረቤት አጥታ ስትል ሴቶቹ ዳሱን አናወጡት። ያ ዘመን በየቤቱ ስሙ ጮክ ተብሎ ያልተጠራ ሰው የነበረበት ዘመን ነው። የሮዛ ለቅሶ ለሁሉም ሰፋ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ሥራ አልገባሁም፤ ሐዘንተኛ ነኛ። ካዛንቺስ ደግሞ ሌላ እሳት ነዷል። ለካ ሲኞራዋ መጽሐፉን ሳትጨርስ ነው ባልየው የነጠቃት። ካልመለስክልኝ ውሃ እንኳ አላፈላልህም ብላዋለች። ሰውየው ምናልባት አላቃጠለው ይሆናል ብሎ ካቦዬን ጠይቆ፣ ቤቴን አጠያይቆ፣ ቂርቆስ መጣ። ሚስቱ አላምንህም ብላ አብራው መጣች። ግቢው ሰው መሙላቱን መንገድ ላይ ሲሰሙ ደግሞ አንድ የጣሊያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪ የሚሉት፣ ጠመንጃውን ይዞ ተከተላቸው። ያኔ ሰው ተሰበሰበ ማለት ወህኒ ማለት ነው፤ ከዚያ የከፋም አለ።

ካራቢኔሪው በሩ ላይ ቆመ። እኔን አስነሥቶ፣ ይህ ምን ስብሰባ ነው፣ ማን ሞቶ ነው አለኝ። እኔ ገና ጣሊያንኛውን ስፈልግ ዳሱ በሙሉ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ጋሼ ሱሩር፣ መምሬ ሳይቀሩ በአንድ አፍ መለሱለት።

"ሮዛ።"

ሲኞራዋ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየች። ከዚያ ዳሱን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ እትዬ አስካለን አየች። "ሮዛ ሞተች?" አለችኝ በቋንቋዋ። ራሴን ነቀነቅኩ። ያቺ ደንዳና ሴት እንደ ተቆረጠ ግንድ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። እንዴት እንዳለቀሰች ልነግራችሁ አልችልም፤ አልቃሿ ራሷ አፏን ይዛ ነው ያየቻት፤ ባለሙያ ባለሙያን ያውቃል። ባልየው ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ። ካራቢኔሪው ይህች ሮዛ የአገሩ ልጅ መሆኗን ሲረዳ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈ። ንፍሮ ሰጡት። ቆረጠመ።

ሲኞራዋ እያለቀሰች የእትዬ አስካለን ክንድ ይዛ አንድ ነገር ትጠይቃለች። እትዬ አስካለ ምን ትላለች አሉኝ። ባሕረኛው መጣ ወይ ነው የምትለው አልኳቸው። እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ የሲኞራዋን ፊት ጠረጉላት።

"የእሷ አልመጣም በላት" አሉኝ። "ያ መጽሐፍ ነው። የእኔ ግን ይመጣል በላት።"

ገለበጥኩላት። በሕይወቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ የገለበጥኩት ያንን ብቻ ነው።

ሲኞራዋ መጽሐፉን አልወሰደችም፤ ሞቷን ካወቅኩ ምኑን ላነበው ነው አለች። ጎበዛዝቱ ለቅሶ ቀብር ይፈልጋል ብለው መጽሐፉን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሊቀብሩት ቢሉ መምሬ ካቶሊክ ናት ብለው ከለከሉ። እትዬ አስካለ ሳጥናቸው ውስጥ ከባሻ ጋቢ ሥር አኖሩት። ባልየው በማግስቱ ካዛንቺስ ሲያገኘኝ ጉንጩ ሞላ ብሏል። ያን ማታ ማካሮኒ በልቶ አድሯል። ወደ ሥራዬ መለሰኝ፤ ሚስቴ ሌላ መጽሐፍ ይዛ ብታያት ግን ንገረኝ አለኝ።

ልጨርስ። ጣሊያን ወጣ፣ ነጻነት ተመለሰ። ሰው ሁሉ በሩን ከፈተ፤ የእትዬ አስካለ በር ግን ረፋድ ላይ እንደሆነ ቀረ። አንድ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ከውስጥ፣ ማንም ሁን ከረፋድ በኋላ ና አሉ። ደግሞ ተንኳኳ። እኔ ነኝ ይላል ጎርናና ድምፅ። ሁሉም እኔ ነኝ ነው የሚለው፣ ከረፋድ በኋላ አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብዬ ሳይ፣ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ ሰው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ሥር ተቀምጧል።

ጋሼ ሱሩርም ማንኳኳቱን ሰምተዋል። በማለዳ፣ በዚያ በር፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው። በቃ፣ ደረሰ አሉ በልባቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ወይኔ ወንድሜ እያሉ ወጡና ከሰውየው ጎን ተቀመጡ። ወጉ ነውና አልጠየቁም። እንግዳው ግን ጠየቀ።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ባሻ ክፍሌ" አሉ ጋሼ ሱሩር ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። "እንግዲያ እኔም ልቀመጥ" አለ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ሱሩር እያለቀሰ መስሏቸው አቀፉት። እየሳቀ ነበር። ያን ሳቅ እትዬ አስካለ በነጠላ በተጠመጠመው ጆሯቸው፣ በሁለት ግድግዳ ማዶ አወቁት። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። ረፋድ ሳይሆን በሩ ተበረገደ።

"እዚህ ቤት የሞተችው ሮዛ ብቻ ናት" አሉ እትዬ አስካለ ደፉ ላይ ቆመው። ከዚያ በኋላ ያሉትንና ያደረጉትን አልነግራችሁም፤ እኔና ጋሼ ሱሩር ፍየሏን ስናይ ነበር።

ባሻ ገብተው ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩ፤ አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ በመጨረሻም ጥግ ላይ የቆምኩትን፣ የማያውቁትን ጎረምሳ። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

"ሮዛ ማን ናት?" አሉ። "አንተስ ማን ነህ?"

እትዬ አስካለ ከሳጥኑ መጽሐፉን አውጥተው ሰጡኝ። ጋሼ ሱሩር ወንበር ሳቡ። እኔ ከጠመንጃው ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና ገለጥኩት።

"ባሻ" አልኳቸው፣ "ሲጀምር ዝናብ ነው።"